አምስት ስንዝር

ጥቅምት ፩ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጧት

የግራው እጅጌ አለቀ። ቀኙ ይቀራል። ክርኑን ደርቤዋለሁ፤ የዛሬ ልጆች ሹራብ ለብሰው አጥር ይዘላሉ። ሹራቡን ያዘዘችኝ እናት ወፈረ ብላ ታጉረመርማለች። ታጉረምርም። ክረምት ሲገባ በልቧ ታመሰግነኛለች፣ አፍ አውጥታ ባትናገረውም።

ሁለት ቀን ትቼሽ ነበር ደብተሬ። አትቀየሚ። በየቀኑ ካልጻፉ ፊደሉ ይጠፋል ትላለች ወ/ት ሮማን። የማታ ት/ቤት አስተማሪዬ ናት፣ የሹራብ ማኅበራችንም አባል። ልጄ የምትሆን ልጅ። ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ፣ ጥፍሯ ከጣቷ አልፎ የወጣ። ግን ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ ምን እላለሁ። ፊደሉስ ወዴት ይጠፋል? ከሃምሳ ዓመት በኋላ የያዝኩትን እንዲህ በቀላሉ የምለቅ ይመስላታል።

እርሳሱን አይጫኑት ትለኛለች። ወረቀቱ በወዲያ በኩል ያብጣል። ያብጥ።

ነገ ማኅበር ነው፣ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ። ተራው የወ/ሮ ድንቅነሽ። ክር ነጋዴ ስለሆነች ቤቷ ሙሉ ክር ነው፤ ጀርባን ደገፍ አድርጎ ለመቀመጥ ይመቻል። ወሬዋን ከቻሉት።

ጥቅምት ፪፣ እሑድ፣ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ። የኮልፌ ጭቃ መስቀል አለፈ ብሎ አይደርቅም።

ስምንታችንም ተገኝተን ነበር። ወ/ሮ ድንቅነሽ ዳኛችን ናት። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ እጇ አካፋ የሚያህል። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ሰፈር ሱቅ ሲከፍቱ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ እሷና እኔ አንቺ እንባባላለን። ገና ከመቀመጤ ሥራዬን ነጠቀችኝና ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። "አንቺ አስካለ፣ ይሄ ሹራብ ነው ጆንያ? ብርሃን እንኳ አያሳልፍም እኮ!" ያንቺ ደግሞ ወንፊት ነው፣ ጤፍ ንፊበት አልኳት። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እውነት ነው፣ እኔ ክሩን አጥብቄ ነው የምይዘው። የላላ ነገር አልወድም።

ከዚያ ዋናው ነገር። ከማኅበርተኛ ቤት ልጅ ሲወለድ ማኅበሩ ብርድ ልብስ ይሠራል፣ ደንባችን ነው። እስከ ዛሬ አንዱን ሥራ በየስብሰባው እየተቀባበልን ነበር የምንሠራው። ዓመት ይፈጃል። ልጁ ቆሞ ሲሄድ ይደርሳል። ዘንድሮ ወ/ት ሮማን መላ አመጣች፦ እያንዳንዷ በቤቷ አንድ ረጅም ቁራጭ ትሥራ፣ ስፋቱ አንድ መዳፍ፤ በሚቀጥለው ወር ስምንቱን ጎን ለጎን እንስፋው። ጥሩ ነው ተባለ። ቁመቱስ? ስትባል ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትር መዘዘች። ወ/ሮ ድንቅነሽ በእጇ ገፋችው። ሜትር ለጣውላ ነው፣ የልጅ ነገር በእጅ ነው የሚለካው፣ አምስት ስንዝር በቃ አለች። አምስት ስንዝር ተባለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ሞኝ።

የሚወለደው ማን ቤት ነው አልኩ።

መርፌው ሁሉ ቆመ። ጎረቤቴ ሰዓዳ ጣሪያውን ታያለች። ወ/ት ሮማን ሜትሯን ትጠቀልላለች።

"አንቺ ቤት ነዋ" አለች ወ/ሮ ድንቅነሽ። አልማዝ ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች።

እኔ ቤት የምትወልድ ድመቷ ብቻ ናት አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ሁሉም ያውቁ ነበር ደብተሬ። ሁሉም።

ጥቅምት ፫፣ ሰኞ ጧት

አልማዝ አንድ ልጄ ናት። ጥሩምባ ነፊ ካገባች ሁለት ዓመት አለፈ። የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነው ይላሉ፣ የደንብ ልብስ አለው ይላሉ። የደንብ ልብስ የለበሰ አዝማሪ ነው። እኔ ያሰብኩላት ጸሐፊ ነበር፣ መ/ቤት የሚገባ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። የዚህኛውም ጫማ ያብረቀርቃል ትለኛለች ሰዓዳ። ታዞ ነው የሚጠርገው እንጂ ወዶ መሰላት?

እነሱ ጦር ኃይሎች፣ እኔ እዚህ። በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ነው። ደጃችሁን አልረግጥም ብዬ ምያለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ደግሞ የማልኩትን የምበላ ሴት አይደለሁም።

ስሙን አልጽፍልሽም። እርሳስ ማባከን ነው።

ጥቅምት ፭፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ከማኅበሩ የደረሰኝ ክር አረንጓዴ ነው። የተማሪ ሹራብ አረንጓዴ። ሕፃን አረንጓዴ ለብሶ ምን ሊሆን ነው፣ ጎመን? ሰዓዳን ጠየቅኋትና ከራሷ ቢጫ ጋር ለወጠችልኝ። ምን አገባዎት፣ ለማያውቁት ልጅ አለችኝ እየሳቀች። ለዓይኔ ብዬ ነው አልኳት። የማኅበሩን ሥራ እሠራለሁ፣ ደንብ ነው። የማንም ልጅ ቢሆን።

ቢጫው ቆንጆ ነው። አደይ አበባ።

ጥቅምት ፲፬፣ ዓርብ ጧት

ግቢው ውስጥ ፀሐይ። ወንበሬን ከግድግዳው ጥግ አድርጌ፣ ድመቷ እግሬ ሥር። ባሕር ዛፉ ነፋሱን እንደ ወንዝ ያሰማል። ቁራጩ ሁለት ስንዝር ደረሰ። እንዲህ ያለ ጧት ሰው የሚያስቀይመኝ ባይኖር ደስተኛ ነኝ ለማለት ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት ፳፰፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

አለቀ። አምስት ስንዝር ልክ፣ ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ሰዓዳ ነክታው ይሄ ጥይት አይበሳውም አለች። ምስጋና ይሁን ስድብ አላውቅም። ለምስጋና ወሰድኩት።

ኅዳር ፯፣ እሑድ፣ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ደብተሬ ደብተሬ። ስሚ።

ማኅበሩ ሰዓዳ ቤት ነበር። ሻይ በቅርንፉድ፣ ብስኩት፣ ሁሉ ነገር መልካም። ሰዓዳ ምንጣፏን አጽድታ በሉ አንጥፉት አለች። ስምንቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ዘረጋነው።

አንዱ ከአንዱ አይገጥምም!

የወ/ሮ ድንቅነሽ ከሁሉም አልፎ በሩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። የወ/ት ሮማን ከሱ ቀጥሎ፤ ለካ ጥፍሯን ጨምራ ነው የለካችው። የሌሎቹ መሐል ላይ ከፍ ዝቅ። የኔ፣ ቢጫው፣ ከሁሉም አጭር። ሁሉም አምስት ስንዝር ነው። ሁሉም በገዛ እጇ ስንዝር! ስምንት ሴት፣ ያውም ስንት ዓመት ሹራብ የሠራን፣ አንዷ እንኳ ይህን አላሰበችም። ሰዓዳ የእምቢልታ ነፊዎች ሰልፍ መሰለ ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሳቅን፣ ሆዳችንን እስኪያመን። እኔም እንባዬ እስኪወርድ፣ እውነቴን ነው።

ከሳቁ በኋላ ጭቅጭቅ። አጭሮቹ ይጨመሩ? ረጅሞቹ ይተርተሩ? እያንዳንዷ የኔ ነው ልክ ትላለች። ወ/ት ሮማን ሜትሯን ስታነሣ አንቺ ልጅ አስቀምጪ ተባለች። ያቺን ልጅ ጥቅምት ላይ ብንሰማት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ግን ያንን ማን ያምናል። እኔ አንድ ክር አልተረትርም፣ አንድ ክርም አልጨምር አልኩ።

ወ/ሮ ድንቅነሽ ተነሣች። ዳኛ ስትሆን ድምፅዋ ይወፍራል። ነገሩ ቀላል ነው አለች። ብርድ ልብሱ የሕፃኑ ነው፤ ሕፃኑ አያት ካለችው ልኩ የአያትየዋ እጅ ይሁን። ሰባታችንም ወደሷ እንተረትራለን። አያት ከሌለችው ግን ልኩ የዳኛዋ እጅ ነው፤ አጭር የሠራች ሁሉ ወደኔ ትጨምር።

ዞራ አየችኝ። "እህስ አስካለ? ይሄ ልጅ አያት አለው ወይስ የለውም? በአፍሽ ተናገሪ።"

ሰባት ጥንድ ዓይን እኔ ላይ። ሻዬ በረደ።

ቢጫዬን ጠቅልዬ ነጠላዬ ሥር ከትቼ ወጣሁ። ደህና ዋሉም አላልኩ።

ኅዳር ፰፣ ሰኞ፣ ከጧቱ ፪ ሰዓት

ተማክረውበት ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። ያቺ ሸምጋይ መሳይ! የባሏን ቤት ማስተዳደሩ አልበቃ ብሏት እኔን ልታስተዳድር።

እሺ። በሷ እጅ እጨምራለሁ። ክር አለ፣ መርፌ አለ። አንድ ቃል ሳልናገር እጨምርና አፍንጫዋ ሥር አኖርላታለሁ።

ኅዳር ፲፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

መጨመሩ ችግር አለው። የሷን ስንዝር በኔ እጅ እንዴት እለካለሁ? ይህን ሰኞ አላሰብኩትም።

ሱቋ ሄድኩ። ክር ልገዛ የመጣሁ መስዬ። እስቲ እጅሽን ባንኮኒው ላይ ዘርጊው አልኳት እንደ ዋዛ። ወዲያው ገባት። ሁለቱንም እጇን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። "እጄን አላውስም!" ገበያተኛ ሁሉ ዞሮ አየን። ክሩን ከመደርደሪያ አውርጂልኝ አልኳት፤ እጇን ከብብቷ ሳታወጣ ባሏን ጠርታ አስወረደችው። ክሩን በክንዷ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ወደኔ ገፋችልኝ። ዶሮ መስላ።

ስወጣ መንገድ ላይ ሳቄ መጣ። ለብቻዬ። ሰው ሳያየኝ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

ኅዳር ፲፪፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች አንድ ጭስ። ከዚህ ሆኜ የማየውን ጭስ እነሱም እዚያ ሆነው ያያሉ ብዬ አሰብኩ። ለምን እንዳሰብኩት አላውቅም።

ያረጁ ጨርቆች ይዤ ወጣሁ። ቢጫውም በእጄ ነበር። ወደ እሳቱ ለመወርወር አልነበረም፣ እንዲያው በእጄ ነበር። ሰዓዳ ግን ከአጥሯ ማዶ እትዬ አስካለ! ብላ ጮኸች፣ ልጅ ልወረውር ያሰብኩ ይመስል። ጥርግ በይ ከዚህ አልኳት።

መልሼ አስገባሁት። ጭስ ጭስ ሸተተ፣ ማጠብ ሊኖርብኝ ነው።

ኅዳር ፲፫፣ ቅዳሜ ጧት

አጠብኩት። ገመዱ ላይ ቢጫ፣ ከኋላው ሰማያዊ ሰማይ። ቆሜ አየሁት። ሥራዬ ጥሩ ነው። ማንም ምን ቢል።

ኅዳር ፲፱፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ሰዓዳ ከጦር ኃይሎች መጣች። ሳልጠይቃት አልማዝ ዘንድ እንደነበረች ነገረችኝ። መስማት አልፈልግም አልኩና ወንበር ሰጠኋት።

እግሯ አብጧል አለች። ሌላው ደህና ነው። ባሏ ጥሩምባውን ቤት ውስጥ አይነፋም፣ ትደነግጣለች ብሎ ሜዳ ወርዶ ነው የሚለማመደው። ይህን ለምን እንደምትነግረኝ ጠየቅኋት። ወሬ ነው አለች።

ከዚያ የብርድ ልብሱን ነገር እንደነገረቻት አወራችኝ፣ የስንዝሩን ጉድ። አልማዝ ሳቀች፣ ሳቀችና ቆየት ብላ፣ እናቴ ልጅ ሆኜ ሹራብ ስትሠራልኝ ጀርባዬን በስንዝር ነበር የምትለካው፣ ይኮረኩረኝ ነበር አለች። ቁሚ አትንቀዥቀዢ ትለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ እንቀዠቀዥ ነበር፣ ደግማ እንድትለካኝ።

ሰዓዳ ይህን ብላ ተነሥታ ሄደች። ተንኮለኛ።

ሆን ብላ።

እኔ እኮ የማትታዘዝ ልጅ ናት እያልኩ ነበር። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሁለት ስንዝር ነበረች። ከዚያ ሁለት ተኩል። ከዚያ መለካቱ ቀረ፣ አደገች፣ የሱቅ ሹራብ አማራት።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር ፳፰፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ከቤ/ክ መልስ። የሚመጣው እሑድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው፣ ተራዬ። መቅረት አይቻል፣ ቤቱ የኔ። ጾም ስለሆነ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት። ለሰዓዳ ዳቦ ከማር ጋር፤ ማሩን ከዘመዶቼ የመጣውን ልክፈትላት፣ ተንኮለኛም ብትሆን።

ቁራጩ ላይ አንድ ረድፍ እንኳ አልጨመርኩም። የተገዛው ክር እንዳለ ነው።

ታኅሣሥ ፭፣ እሑድ፣ ከቀኑ ፲፪ ሰዓት

አሁን ወጡ። ቤቱ ተተራምሷል። ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ፣ ድመቷ አብዳለች። ላጽዳ አላጽዳ? አላጸዳም። ላንቺ ልጻፍልሽ።

ሁሉም መጡ። ማንም ስለዚያ ነገር አላነሣም። ጥሩ አድርገው በሉ። ወ/ሮ ድንቅነሽ ሽሮው ጨው በዝቶበታል እያለች ሦስት ጊዜ ጨመረች። ወ/ት ሮማን ጥፍሯን ቆርጣ መጥታለች፤ ስለ ስንዝሩ ነው አትልም፣ መጻፊያ ሰሌዳው ላይ እየተሰበረ አስቸግሮኝ ነው ትላለች። ምግቡ ተነሣ። እጃችንን ታጠብን።

ቢጫዬን አመጣሁና ምንጣፉ መሐል ዘረጋሁት። እጄን በላዩ አስቀመጥኩ፣ ጣቴን ከፍቼ። ልኩ ይኸው አልኩ።

ወ/ሮ ድንቅነሽ አልለቀቀችኝም። ምኑ ነው ይኸው? የማን እጅ ነው? አለች። ከንፈሯ ዳር ሳቁን ይዛ።

"የአያቱ እጅ ነዋ! የልጅ ልጄ ነው! በቃሽ? አሁን ተርትሪ!"

እልልታው ሰፈሩን አነቃነቀው። ሰዓዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጎረቤት ልጅ ተወለደ ብሎ እየሮጠ መጣ፣ መለስነው።

ከዚያ መተርተር። ደብተሬ፣ ያንን ብታይ! ሰባት ሴት ጫፍ ጫፉን ይዛ ትጎትታለች፣ ክሩ ይዘላል፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ የሰዓዳ ጎመን አረንጓዴ። እኔ ብቻ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ፣ እንደ እመቤት። በየመሐሉ እየተነሡ መጥተው እጄን ይዋሳሉ፤ እትዬ እስቲ አንዴ ይዘርጉልኝ፣ እኔ እዘረጋለሁ። ከሁሉ ብዙ የተረተረችው ወ/ሮ ድንቅነሽ ናት። ስትተረትር ታማርራለች፣ የወር ድካሜ፣ ይቺ የድመት እጅ ያላት ሴትዮ፣ እያለች። እጄ የድመት ከሆነ ብርድ ልብሱም የድመት ሊሆን ነው፣ ምን አቃጠለሽ አልኳት። ትንሽ ነው እኮ የሚሆነው አለች። ልጅ ነው የሚለብሰው ወታደር አይደለም አልኳት። አባቱ ግን ወታደር ነው አለች አንዷ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከዚያ፣ ጥሩምባ ነፊ ነው አልኩ። ሳቁ።

እኔም።

ታኅሣሥ ፲፪፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ዛሬ ያለ ወትሮው ተሰብስበን ሰፋነው፣ እዚሁ እኔ ቤት። ቢጫው መሐል ገባ። ከተተረተረው ክር ወ/ት ሮማን ቆብ ሠራች፣ ባለ ብዙ ቀለም። እንደ ቀልደኛ ቆብ ነው። ቢሆንም ይሞቃል።

የኔ ቁራጭ ጥብቅ፣ የወ/ሮ ድንቅነሽ ልል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰፉ የሷ ትንሽ ሞገድ ሠራ። ወ/ት ሮማን ልታስተካክለው ስትል ተይው አልናት፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ።

አሁን ሣጥኔ ውስጥ ነው ያለው። ማን ይወስደዋል? ተባለ። ዳኛዋ ናት የምትወስደው፣ ደንብ ነው። እኔ ምያለሁ፤ እሱን አልረሳሁም። አያት ነኝ ብያለሁ፣ ደጃቸውን እረግጣለሁ አላልኩም። ሁለት ነገር ነው።

ሰዓዳ ሁለት ነገር ነው? ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ሁለት ነገር ነው አልኩ።

ታኅሣሥ ፲፬፣ ማክሰኞ ጧት

ብርድ ልብሱን ብል እንዳይበላው አወጣሁት። ታጥፎ እንዳይሰበር ዘረጋሁት። ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ይሞቃል።

በሁለት ቀን ብል አይበላም። ታውቂያለሽ፣ ምን ትመለከቺኛለሽ።

ታኅሣሥ ፲፯፣ ዓርብ፣ ከጧቱ ፪ ሰዓት

በር ተንኳኳ። እሱ ነው! የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ከላዩ ካፖርት፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ የቀላ። ደጄ ላይ ቆመ፣ አልገባም፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ቀጭን ነው። ትዝ ከሚለኝ ይቀጥናል። ከካፖርቱ ሥር የፋብሪካ ሹራብ፣ ክርኑ የሳሳ።

"እማማ፣ አልማዝ ንጋት ላይ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው።" ከዚያ ሌላ ቃል አጣ።

በላች ወይ? አልኩት። ገንፎ ማገንፋት ማን ያውቃል እዚያ ቤት? ጎረቤት ሞክራ አርሮባታል አለ። አርሯል! የአራስ ገንፎ!

ቅቤ፣ በርበሬ፣ የገብስ ዱቄት፣ ብርድ ልብስ፣ ቆብ። አንቺንም ከዘንቢሉ ሥር ከተትኩሽ። ሰዓዳና ወ/ሮ ድንቅነሽ ሮጠው መጡ። ይዞት የመጣው ታክሲ ሰይቼንቶ ነው፣ ትንሽ፤ ወ/ሮ ድንቅነሽን ለማስገባት ስንገፋት ቆየን። እየጠበቅን ነው የምጽፍልሽ። እግሯ ቀር

ያው ዕለት፣ ከሰዓት፣ ጦር ኃይሎች

ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ ልንገርሽ።

ከታክሲው ወርደን በሩ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። የማልኩት ትዝ አለኝ። ወ/ሮ ድንቅነሽ ኋላዬ ቆማ ትተነፍሳለች፣ ግቢ እንግዲህ ትላለች። አልቻልኩም። እግሬ እምቢ አለ። ጎረቤት መውጣት ጀመረ፣ እኔ ዘንቢል ይዤ በሰው ደጅ ተገትሬያለሁ።

እሱ አየኝ። ምንም አልተናገረም። ካፖርቱን አወለቀ። ከደጁ እስከ ውስጥ፣ መድረኩን አልብሶ፣ መሬት ላይ አነጠፈው። ያንን የመንግሥት ካፖርት፣ አዝራሩ የሚያብረቀርቀውን። ከዚያ ወደ ጎን ቆሞ፣ "ደጃችንን እንዳይረግጡ ነው እማማ" አለኝ። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። ዓይኑ ውስጥ ግን አለ።

ረገጥኩት። ሦስት እርምጃ። ጭቃዬ ሁሉ ካፖርቱ ላይ ቀረ።

ስሙ ግርማ ነው። ጻፍኩት።

አልማዝ አልጋ ላይ። ምን አለች ምን አልኩ፣ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ገንፎውን አገነፋሁ። ጨረሰችው።

ታኅሣሥ ፲፰፣ ቅዳሜ ጧት

ለአንድ ሌሊት ብዬ ነበር የመጣሁት። ለአንድ ሌሊት ብዬ ነው ለድመቷ ወተት ያስቀመጥኩላት። ሰዓዳ ታያታለች።

ብርድ ልብሱ ልክ ነው። የሁሉም እጅ አለበት፣ ልኩ ግን የኔ። ሕፃኗ ቢጫው ላይ ተኝታለች። አዎ፣ ሴት ናት፣ ትናንት አልነገርኩሽም። ግርማ ሜዳ ወርዶ ሲነፋ ከሩቅ ይሰማል፤ የሚያስከፋ ድምፅ አይደለም፣ ከሩቅ ሲሆን።

አልማዝ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ልጅቷን ፈታ አድርጌ በእጄ ለካኋት፣ ከጭንቅላቷ እስከ ተረከዟ። ሦስት ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ተንቀዠቀዠች። ደግሜ ለካኋት። ቀና ስል አልማዝ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዞር አለች፣ ልጅ ሳለች ልለካት ስል ትዞር እንደነበረው።

ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር። የሴት ግን ሰማንያ ቀን ነው። አስቤበታለሁ። ክርስትናዋ ሳይደርስ ወደ ኮልፌ አልመለስም። የጥር ማኅበር እዚህ ይሁን፣ ወ/ሮ ድንቅነሽ በሰይቼንቶ ተገፍታ ትምጣ። ለግርማ ሹራብ ልጀምር ነው፣ ክርኑ ድርብ። ደረቱን ለመለካት ቀርቤ ስንዝሬን ስዘረጋ ተንቀዠቀዠ፤ ቁም፣ አትንቀዥቀዥ አልኩት።